ጥፋቱ የማን ነው? ጦርነትና የሊበርታሪያኖች ሙግት



እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2007 በሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩዎች በቴሌቪዥን ፊት ቆመው ይከራከሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል ዶክተር ሮን ፖል ነበሩ፤ በሙያቸው የማህፀን ሐኪም፣ በአመለካከታቸው ሊበርታሪያን። የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ሲነሳ፣ ሰዎቹ ያጠቁን እኛ አገራቸው ድረስ ስለሄድንባቸው ነው፣ ኢራቅን አሥር ዓመት ስንደበድብ ኖረናል አሉ። ጥቃቱን ራሳችን ጋበዝነው ማለትዎ ነው ወይ ቢባሉ፣ ያጠቁን ሰዎች የሚሰጡትን ምክንያት እንስማ ነው የምለው ብለው መለሱ። ሌላው ዕጩ፣ በጥቃቱ ዕለት የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ሩዲ ጁሊያኒ፣ ከዚያ በላይ አልታገሡም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ቃልዎን ያንሱ አሏቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ፖል ግን ቃላቸውን አላጠፉም።

ያ ጭብጨባ አንድ ትልቅ ጥያቄ ሸፍኖ አለፈ። አንድ ነገር ለምን ሆነ ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የታሪክ ጸሐፊ ይመልሰዋል፣ ሁለተኛውን ዳኛ። ፖል እንደ ታሪክ ጸሐፊ ተናገሩ፤ ጁሊያኒ እንደ ዳኛ ሰሟቸው። በዚያች ምሽት ፖል ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ። ነገር ግን ከእሳቸው ጎን የተሰለፉት ሁሉ ይህን ድንበር አልጠበቁም። አንዳንዶቹ ምክንያቱን ሲዘረዝሩ ቆይተው፣ ሳይታወቃቸው ፈጻሚውን ከጥፋቱ ያወጡታል፤ አውሮፕላን ይዞ ሕንጻ ላይ ያላተመው ሰው የራሱ ፈቃድ የሌለው፣ ዋሽንግተን የገፋችው ግዑዝ ነገር ይመስል። ሰው በራሱ ፈቃድ የሚያደርግ፣ ለሚያደርገውም የሚጠየቅ ፍጡር ነው ብሎ ከሚጀምር አስተሳሰብ ይህ መምጣቱ ይገርመኛል።

ሊበርታሪያን የሚባሉት ወገኖች የሚነሱት ቀላል ከሚመስል አንድ ሕግ ነው። ማንም ሰው በሌላው አካልና ንብረት ላይ ኃይል አይጀምር። ራስን መከላከል ይፈቀዳል፣ መጀመር ክልክል ነው። ሕጉ ለጎረቤት ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ይሠራል ይላሉ፤ ግብርን እንኳ በጥርጣሬ የሚያዩት ለዚህ ነው፣ መንግሥት ጭራሽ አያስፈልግም እስከ ማለት የሚደርሱም አሉ። እንዲህ ለሚያስብ ሰው ጦርነት ማለት ግብር የሚንርበት፣ ጋዜጣ የሚዘጋበት፣ ወጣት ከቤቱ የሚወሰድበት ወቅት ነው። ራንዶልፍ ቦርን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ መንግሥት የሚፋፋው በጦርነት ነው የሚል ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1918 በወረርሽኙ ጉንፋን ሞተ። ቦርን ሊበርታሪያን አልነበረም፤ ጽሑፉን ግን እነሱን ያህል የወደደው የለም።

ከዚህ ተነስቶ ሊበርታሪያን ሁሉ ጦርነት ይቃወማል ብሎ የሚደመድም ግን ይሳሳታል። ከኮሎምቢያው ክርክር ሁለት ወር በኋላ የጆርጅታውኑ የሕግ ፕሮፌሰር ራንዲ ባርኔት በዎል ስትሪት ጆርናል ላይ፣ የኢራቁ ጦርነት ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ከሊበርታሪያን መርህ ብቻ መወሰን አይቻልም ብሎ ጻፈ፤ ሮን ፖል የሁላችንም አፍ አይደሉም ለማለት ነበር። ዋሽንግተን የሚገኘው የካቶ ተቋም ወረራውን ቢቃወምም፣ ከራሱ ተመራማሪዎች አንዱ ብሪንክ ሊንድሲ ደግፎት ነበር፤ ኋላ ተመለሰ። ይህ እንግዲህ የቤተሰብ ጠብ ነው፤ የቤተሰብ ጠብ ደግሞ ከውጭ ሰው ጠብ ይከራል።

ጠቡን ለመረዳት ሙሪ ሮትባርድን መያዝ ያስፈልጋል። የኒው ዮርክ ሰው፣ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ጦርነት፣ ሰላምና መንግሥት በጻፈው አጭር ጽሑፍ አንድ ምሳሌ አለ፤ ምሳሌውን ወደ እኛ ከተማ ላምጣው። ሌባ የከበደን ገንዘብ ነጥቆ መርካቶ ግርግሩ ውስጥ ገባ እንበል። ከበደ አሳድዶ ሊይዘው ይችላል፤ ቢታገለው ሊታገለው ይችላል። ሽጉጡን አውጥቶ ሕዝብ መሀል ቢተኩስና ጉልት የተቀመጠች ቲማቲም ሻጭ ብትሞት ግን፣ ከበደ ራሱ ነፍሰ ገዳይ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ የእሱ ነበር፣ ሌባውም በእርግጥ ሌባ ነበር። ሴትዮዋ ግን ምንም አልወሰደችበትም። ሌባው ነው እዚህ ያደረሰኝ የሚለው መልስ ለሴትዮዋ ልጆች መልስ አይሆንም።

ሮትባርድ ከዚህ ተነስቶ ሩቅ ሄደ። ለከበደ በሽጉጥ ያልተፈቀደ ነገር ለመንግሥት በቦምብ አይፈቀድም። ኒውክሌር ቦምብ ደግሞ ሌባውን ከሻጯ የሚለይበት ምንም መላ ስለሌለው፣ የሚገባው እንዲወገድ ብቻ ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ሰዓት እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም፤ ሶቪየቶችን እስክናሸንፍ ድረስ ትልቅ መንግሥትም ትልቅ ጦርም እንቻል ይሉ ከነበሩት ወግ አጥባቂ ወዳጆቹ ጋር አቆራርጦታል።

ኖዚክ ግን ጥያቄውን ሌላ ጋ ወሰደው። ሮበርት ኖዚክ የሃርቫርድ ፈላስፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ያነሳል። ወራሪው ታንኩ ፊት ላይ ንጹሕ ሰው አስሮ ቢመጣብህስ? ታንኩን ለማቆም ያለህ መንገድ በታሰረው ሰው ላይ መተኮስ ብቻ ቢሆንስ? እሺ ተኩስ እንበል፤ የታሰረው ሰው እጁ ላይ መሣሪያ ቢኖረው፣ ነፍሱን ለማዳን አንተ ላይ መተኮስ ይችላል? ሁለት ንጹሐን፣ ሁለቱም ራሳቸውን እየተከላከሉ፣ ተገዳደሉ ማለት ነው። ኖዚክ ጥያቄውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መልስ ሳይሰጥ አለፈ። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩበት አሉ። እኔ አልቆጥርበትም፤ ቶሎ የመለሱትን ሳይ እንዲያውም ደግ አደረገ እላለሁ።

ቶሎ ከመለሱት አንዱ ዋልተር ብሎክ ነው፤ የሮትባርድ ደቀ መዝሙር፣ ለረጅም ዘመን በኒው ኦርሊንስ ያስተማረ ምሁር። የብሎክ መልስ ከመሬት ሕግ የተወሰደ ነው። ባለቤት የሌለውን መሬት ቀድሞ ያለማ ባለቤት ይሆናል፤ መከራም እንደዚያው ነው ይላል። ታጣቂው አንተን ይዞ ጋሻ ሲያደርግህ መከራው መጀመሪያ የወደቀው በአንተ ላይ ነው፤ ያንተ ሆኗል፣ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ መብት የለህም። ስለዚህ የተተኮሰበት ሰው በአንተ አሳልፎ ታጣቂውን ቢመታ ጥፋቱ የታጣቂው ነው። ብልሃት አለበት፣ አልክድም። አንድ ክፍል ውስጥ ስለተፋጠጡ ሦስት ሰዎች ከሆነ ወሬው ልከራከርበት እችላለሁ። ነገር ግን አሥር ሺህ ጫማ ላይ የሚበር አብራሪ ክፍሉ ውስጥ አይደለም። ከበታቹ ስንት ሰው ታግቶ እንዳለ፣ ስንቱ እራቱን እየበላ እንዳለ አያውቅም። ሦስት ሰው የነበረው ምሳሌ ወደ ከተማ ሲሰፋ፣ ከበደና ቲማቲም ሻጯ ዘንድ ተመልሰን እንደርሳለን።

ብሎክ ሐሳቡን በወረቀት ላይ ብቻ አልተወውም። ሐማስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በእስራኤል ላይ ካደረሰው ጥቃት ጥቂት ቀናት በኋላ ከአላን ፉተርማን ጋር ሆኖ በዎል ስትሪት ጆርናል ሐማስን ማጥፋት የሥነ ምግባር ግዴታ ነው፣ እስራኤልም ለዚህ የሚያስፈልገውን ሁሉ ታድርግ የሚል ጽሑፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሌላው የሮትባርድ ደቀ መዝሙር፣ ጀርመን ተወልዶ ያደገው ሃንስ ኸርማን ሆፐ፣ በግልጽ ደብዳቤ ከብሎክ ጋር ያለውን ወዳጅነት መቁረጡን አሳወቀ፤ ደብዳቤው የመረረ ነው፣ ስድብም አለበት። የመምህራቸው ሐሳብ የሚጠበቅበት በአላባማ ያለው የሚዚስ ኢንስቲትዩትም ብሎክን ከከፍተኛ አጥኚዎቹ ዝርዝር አወጣው። ለብዙ ዓመታት በአንድ ማዕድ የኖሩ ሰዎች በዚህ ተለያዩ።

ብሎክ አንድ ነገር ላይ እውነት አለው። በኦክቶበር 7 የገደሉት ሰዎች በገዛ እጃቸው ገድለዋል፤ በሕዝብ መሀል ተሸሽጎ መተኮስም የተሸሻጊው ወንጀል ነው። ችግሩ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሌት ነው። የደራሲዋ አየን ራንድ ተከታዮች ይህን ስሌት ከብሎክ አስቀድመው ሠርተውታል። (ራንድ ሊበርታሪያን መባልን አምርራ ትጠላ ነበር፤ ብዙዎቹ ሊበርታሪያኖች ግን ከመጽሐፎቿ ተቀድተው ነው የወጡት።) ራንድ የቬትናምን ጦርነት ተቃውማለች፤ ሆኖም አምባገነን መንግሥት መብት የለውም፣ ነጻ አገር ግዴታ ባይኖርበትም ሊወረው ይችላል ትል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ደቀ መዛሙርቷ ገፉበትና፣ ወራሪን ለመመከት በሚደረግ ጦርነት የሚሞት ንጹሕ ሰው ደም ሁሉ በጀማሪው ሒሳብ ይመዘገባል አሉ። ሁሉም ደም፤ ሳያስተርፉ።

ይህ አባባል የሚያርፈው ጥፋት የተወሰነ መጠን ያለው፣ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚቀነስ ነገር ነው በሚል እምነት ላይ ነው። ጥፋት ግን እንጀራ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ስለቆረሰ ለሌላው አያንስም። የታጣቂው ወንጀል ሙሉ ሆኖ የአብራሪውም ወንጀል ሙሉ ሊሆን ይችላል። የኮሎምቢያውም አዳራሽ የተሳሳተው እዚሁ ላይ ነበር። አሜሪካ በኢራቅ አጠፋች ማለት ቢን ላደን ቀለለለት ማለት መሰላቸው። የተቃራኒው ወገን ስህተትም መንትያ ወንድሙ ነው፤ ዋሽንግተንን ለመውቀስ ሲል ሳዳም በኩርዶች ላይ የረጨውን ጋዝ በለሆሳስ ያልፈዋል።

እኛም ለዚህ እንግዶች አይደለንም። በቅርቡ በአገራችን በተካሄደው ጦርነት በየወገኑ፣ ሕዝቡስ ቢሆን ደግፏቸው አይደል ሲባል ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችን ብለናልም። ድምፅ የሰጠ፣ ያጨበጨበ፣ ዝም ያለ፣ በቋንቋው የሚዘፍን፣ ገና ያልተወለደ ሳይቀር በአንድ ስም ተጠቅልሎ ተጠያቂ ሆነ። ሊበርታሪያኖች የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ነው። ለእነሱ ሕዝብ የሚባል ጠመንጃ ያነሳ አካል የለም፤ ያነሳ ሰው አለ፣ ያዘዘ ሰው አለ፣ ስም አላቸው። በምጣኔ ሀብት ጉዳይ ብዙ የምለያያቸው ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ግን እከተላቸዋለሁ።

ወታደሩስ? ኸርበርት ስፔንሰር፣ የቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዛዊ አሳቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ጨዋታ ያነሳል። በሁለተኛው የአፍጋኒስታን ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ወታደሮች አደጋ ላይ ናቸው የሚል ወሬ ደርሶ፣ አንድ የጦር ሰው ስፔንሰርም አብሮት እንዲጨነቅ ጠብቆ ያወራዋል። ስፔንሰር ደግሞ፣ የሚዋጋበት ጉዳይ ትክክል ይሁን አይሁን ሳይጠይቅ ሰው ለመግደል የተቀጠረ ሰው ራሱ ቢገደል ግድ የለኝም ብሎ መለሰለት። ሰውየው ደነገጠ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደንግጫለሁ። ስፔንሰር ግን የሚያወራው ደሞዝ ተስማምቶ ስለገባ ወታደር ነው። በደርግ ዘመን ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከአውቶቡስ ላይ፣ ከገበያ በአፈሳ ተወስዶ በጥቂት ወር ሥልጠና ግንባር የተጣለው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በስፔንሰር ሚዛን የት ይቀመጣል? የኖዚክን ምሳሌ አስታውሱ። ያ ልጅ ታንኩ ላይ የታሰረው ሰው ነው፤ ልዩነቱ ጠመንጃ ማስያዛቸው ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ሰው ራሱን ሊከላከልበት ይችላል፣ ይህ ልጁን ጥፋተኛ አያደርገውም። የሚጠየቀው ያፈሰው ነው፣ እንዲያፍስ ያዘዘውም ነው።

አሁን ወደ ጣልቃ ገብነት ልመለስ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ባወጣው ጽሑፍ፣ ነጻነት ራሱ ባለቤቱ ሲታገልለት እንጂ ከውጭ ሲታደል አይጸናም ይላል። ጥሩ ነው። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ይህ ደንብ ለሠለጠኑ ሕዝቦች ነው፣ ላልሠለጠኑት አይሠራም ይላል። ሚል ከወጣትነቱ ጀምሮ ህንድን ይገዛ በነበረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ደንቡ ለአሠሪው በር ትቶለታል። ያ በር ተከፍቶ ቀረ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ኢጣሊያ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረበችው ክስ፣ ኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ ያለባት ያልሠለጠነች አገር ናት የሚል ነበር። ባርነቱ ነበረ፣ አንካደው። ባሪያ አሳዳሪው በስሙ ይጠየቃል። ይህ ግን መርዝ ጋዝ በባሪያውም በጌታውም ላይ የሚረጭ አውሮፕላን ለማስነሳት ለማንም ፈቃድ አይሰጥም።

ጣልቃ አለመግባትም ቢሆን አንድ ወጥ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. የፈረሙት የገለልተኝነት ሕግ የኢጣሊያ ወረራ ከመጀመሩ አንድ ወር ቀድሞ የወጣ ነው። ለተፋላሚዎች መሣሪያ መሸጥን ከለከለ፣ ለሁለቱም እኩል። የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ላሏት ኢጣሊያ ክልከላው ምንም አልነበረም። ነዳጅ በሕጉ ውስጥ አልተካተተም፤ ከአሜሪካ ወደ ኢጣሊያና ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄደው ነዳጅ እንዲያውም ጨመረ። ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ ነበረች የምትገዛው፤ የተዘጋባት እሷ ነበረች። በሃርለምና በቺካጎ ለኢትዮጵያ ልዝመት ብለው የተመዘገቡ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ፣ ለባዕድ ጦር መመልመልን የሚከለክል የእ.ኤ.አ. 1818 ሕግ አለ ተብለው ተመለሱ። ከዚያ በፊት ከሄዱት አንዱ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ናቸው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ ከአየር ስትደበደብ እዚያው ነበሩ፤ በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ አውሮፕላኖችን ይዘው መልእክትና ሰው ሲያመላልሱ ቆዩ።

ሊበርታሪያኖቹ የዚህን ሕግ ነገር በቅጡ ቢመረምሩት ይጠቅማቸዋል ባይ ነኝ። ከእነሱ ወገን የነበረው የቦስተኑ ላይሳንደር ስፑነር እ.ኤ.አ. በ1858 መንግሥት እጁን ያስገባ አላለም፤ ግለሰቦች በገዛ ፈቃዳቸው ሄደው ባሪያዎችን ያስታጥቁ፣ በነጻነታቸውም ይርዷቸው ብሎ ነው የጻፈው። ከእሱ ብዙ ተማርኩ የሚለው ሮትባርድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ታሪክ ፍትሐዊ የነበሩት ሁለት ጦርነቶች ብቻ ናቸው ብሎ፣ አንዱን ለደቡቦቹ የመገንጠል ጦርነት ሰጠው። የዋሽንግተንን መንግሥት ከመጥላቱ የተነሣ በጥጥ እርሻው ላይ ያለውን ጅራፍ አላየውም። በስፑነር ሚዛን ሮቢንሰን መብታቸውን ነው የተጠቀሙት፤ የገለልተኝነት ሕጉ ደግሞ ገለልተኛ ሳይሆን የአሜሪካ መንግሥት በገዛ ዜጎቹ ላይ፣ ከዚያም አልፎ በተወረረው ላይ የጣለው እጅ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ለመርዝ ጋዙ አይጠየቁም፤ እሱ የሙሶሊኒ፣ የባዶሊዮና የግራዚያኒ፣ የረጩትም አብራሪዎች ነው። ለመንገድ መዝጋታቸው ግን ይጠየቃሉ።

እስከዚህ አብሬያቸው ነኝ። ከዚህ በኋላ እለያያለሁ። የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ለትንንሽ መንግሥታት የተገባው ቃል የት አለ ሲሉ፣ ጥያቄያቸው ስለ ገዳዮቹ ብቻ አልነበረም። የኢጣሊያ ወታደር፣ በቅሎና ቦምብ ወደ ምጽዋ የተጓዘው በሱዌዝ ካናል በኩል ነው። ካናሉን ያስተዳድር የነበረው የባለአክሲዮኖች ኩባንያ ነው፤ ትልቁ ባለአክሲዮን የእንግሊዝ መንግሥት ነበር፣ የቀረው በብዛት ፈረንሳያውያን እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888ቱ ስምምነት መሠረት ለሁሉም ክፍት ነው ተብሎ፣ የወራሪው መርከብ ሁሉ ቀረጡን እየከፈለ አለፈ። ካናሉ ለዚያ ጦር ቢዘጋ ኖሮ የሚሞት ቲማቲም ሻጭ አልነበረም፤ የሮትባርድን የራሱን ፈተና የሚያልፍ ጣልቃ ገብነት ነበር ማለት ነው።

በሊበርታሪያኑ ሕግ እነዚያ ባለአክሲዮኖች ንጹሐን ናቸው። በማንም ላይ ኃይል አልጀመሩም፤ መንገድ አከራዩ፣ ኪራያቸውን ተቀበሉ፣ ትርፉን ተከፋፈሉ። እኔ ግን ከተጠያቂዎቹ መዝገብ ላወጣቸው አልቻልኩም፤ የማስገባበት አንቀጽ ደግሞ ከሮትባርድም ከኖዚክም አላገኘሁም። በምን አንቀጽ ትከሷቸዋላችሁ? ዛሬስ በወደብ፣ በነዳጅና በድሮን ሽያጭ የሚያተርፉትን? ከእናንተ ጋር ልከራከርበት የምፈልገው ይህ ነው፤ ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ ይሂድ።